ስልከኛው የነቀለው ማቋረጫ

ትዕግሥት ሲታደል እኔ ሰልፉ ላይ አልነበርኩም። ይህን ሰው ነግሮኝ ሳይሆን አሰብ ላይ በራሴ አይቼ ነው ያወቅኩት። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ከአዲስ አበባ ተመድቤ በአንድ የጭነት ማስተላለፊያ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ክፍል እሠራ ነበር። ሁለት ማሽኖችን በገመድ አገናኝቼ ማነጋገር አቅቶኝ ቆሽቴ ያረረበትን የየካቲት ሳምንት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ማሽኖቹ ባይነጋገሩ እኔማ ብናደድ ነው እንጂ ሌላ ምን እሆናለሁ? ጓደኛዬ ግን ሚስት ሊያጣ ነበር።

ጓደኛዬን ሁላችንም ስልከኛው ነበር የምንለው። የመሥሪያ ቤታችን የስልክ ቴክኒሻን ነው። ወላጆቹ በልጅነቱ ስለሞቱ ደሴ አጎቱ ጋ አድጎ፣ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ጨርሶ አሰብ ከወረደ ዘመን አስቆጥሯል። ትግርኛውን ከቤት አከራዮቹ፣ አፋርኛውን ከዓሣ ሻጮች ለቅሟል። በሦስቱም ቋንቋ የምሰማው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው ይል ነበር፤ "ተቋረጠ"። ስልኩ ተቋረጠ፣ መስመሩ ተቋረጠ፣ ከአዲስ አበባ ጋር እየተነጋገርን ሳለ ተቋረጠ። ሽቦውን የሚበላው የባሕር ጨው፣ ምሰሶውን የሚያጋድመው ነፋስ፣ የሚሰደበው ግን እሱ ነው። "ስሞት መቃብሬ ላይ ስሜን አትጻፉ፤ ተቋረጠ ብላችሁ ጻፉ" እያለ ያስቀን ነበር።

እጮኛውን ያገኛትም በዚሁ ስልክ ነው። ባቲ ስልክ ቤት የምትሠራ ኦፕሬተር ነበረች። መስመር ሲሞክር "ሃሎ ባቲ" ይላል፣ እሷ "አቤት አሰብ" ትለዋለች። ድምፅዋ ጎርነን ያለ ነው፤ ጉንፋን የያዛት መስሎት መጀመሪያ ቀን "እግዜር ይማርሽ" ብሏት ነበር አሉ። "አላመመኝም፣ እንዲህ ነው የተፈጠርኩት" ብላ ስትቆጣው ልቡ እዚያው ቀረ። መልኳን ያየው ከብዙ ጊዜ በኋላ ለፈቃድ ወደ ደሴ ሲወጣ ባቲ ወርዶ ነው። ከዚያ አጎቱ ሽማግሌ ላኩ፣ አባቷም እሺ አሉ።

ሠርጉ መጀመሪያ ለጥር ተቀጥሮ ነበር። ድንኳን ተተክሎ፣ ጠላው ተጠምቆ ባለበት መሥሪያ ቤቱ ሥራ አለ ብሎ ፈቃድ ከለከለው። አባትየው ይህንን እንደ ውርደት ቆጠሩት። ተለምነው ሌላ ቀን ሰጡ፤ የቅበላን እሑድ። በማግስቱ ሰኞ ሁዳዴ ይገባል፤ በጾም ሠርግ የለም፣ እስከ ፋሲካ ማግስት መጠበቅ ነው። አባትየው በአንድ የከባድ መኪና ሾፌር በኩል የላኩት ቃል አጭር ነበር። "ሁለተኛ ድንኳን እተክላለሁ። ሦስተኛ አልተክልም። ዳግመኛ ቢቀር ልጄን ለሚመጣ ሰው እሰጣለሁ።"

እኔ አንደኛ ሚዜ ነበርኩ። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው፣ ተነስታችሁ አትሄዱም ወይ ይል ይሆናል የዛሬ ሰው። በዚያ ዘመን ያለ ይለፍ ወረቀት ከአሰብ ኬላ ማለፍ የለም። ይለፉን የሚፈርሙት ደግሞ ጓድ ኃላፊያችን ናቸው።

ጓድ ኃላፊ የደብረ ማርቆስ ሰው ናቸው። ሲበዛ ጨዋ፣ ሲበዛም ፈሪ። ሰው ሲያወራ ዝም ብለው አይገቡበትም፤ "ንግግራችሁን በማር ላቋርጠውና" ይሉና ነው የሚጀምሩት። ተላላኪውን እንኳ በማር ነበር የሚያቋርጡት። ፈሪነታቸውን አልፈርድባቸውም። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ኃላፊ ጎብኚ ቡድን ፊት ጀነሬተር አልነሳ ብሏቸው በማግስቱ ተዛወሩ ተባለ፤ ወዴት እንደተዛወሩ ግን የጠየቀም የሚያውቅም የለም። አሁን ደግሞ ቅዳሜ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ቡድን ይመጣል፤ ሊያይ የሚመጣው እኔና ስልከኛው የምንገጥመውን መስመር ነው። "ማሽኖቹ ሳይነጋገሩ ይለፍ አልፈርምም" አሉን። "እናንተ ሄዳችሁ እኔን ለማን ትተዉኛላችሁ?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ኮምፒዩተር ነበረን፤ አንዱ ቢሮ፣ አንዱ ከግቢው ማዶ መጋዘን። መርከብ ሲራገፍ መጋዘኑ የመዘገበውን ጭነት ተላላኪ በወረቀት ይዞ ወደ ቢሮ ይሮጣል፣ ቢሮው እንደገና ይጽፈዋል፣ እስከዚያ ሾፌሮቹ በር ላይ ተኮልኩለው ይሳደባሉ። ሁለቱ ማሽኖች ቢነጋገሩ ሩጫውም ስድቡም ይቀራል ተባለና ሁለት ኢተርኔት ካርድ መጣ። መዳፍ የምታህል አረንጓዴ ሰሌዳ ናት፤ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ትሰካለች፣ በጀርባዋ ገመድ ይታሰራል። ገመዱን በጣሪያ ላይ መዘርጋትና ካርዶቹን መሰካት ለስልከኛው ተሰጠ። ድራይቨሩን ማስተካከል የእኔ ሆነ።

ድራይቨር ካርዱን ለማሽኑ የሚነዳለት ፕሮግራም ነው። ማሽኖቻችን የሚሠሩት በዩኒክስ ዓይነት ሥርዓት ስለነበር እንደ ዛሬው ጠቅ አድርገህ የምታስገባው ነገር አልነበረም። ካርዱ በየትኛው አድራሻ እንደሚገኝ፣ ማሽኑን በየትኛው ቁጥር እንደሚጠራ በፋይል ውስጥ በእጅህ ትጽፋለህ። ከዚያ ከርነል የሚባለውን የሥርዓቱን እምብርት እንደገና ትገጣጥማለህ። ከዚያ ማሽኑን አጥፍተህ ታስነሳለህ። አንዲት ቁጥር ከሳትክ እንደገና ከሀ ጀምር። አንድ ቀን ግቢው በር ላይ ተራ የሚጠብቅ አንድ ሽበታም ሾፌር ምን ስትሠሩ ነው የምትውሉት ብሎ ጠየቀን።

"ሾፌር እየገጠምን ነው፣ ጋሼ" አልኩት፣ ድራይቨር የሚለውን በአማርኛ መልሼ።

"አላህ ያሳያችሁ! እኔ እዚህ ሥራ ፈትቼ ተቀምጬ ሌላ ሾፌር ፍለጋ ትንከራተታላችሁ?" አለና የበሩን ሰው ሁሉ አሳቀብን። በኋላ ወዳጃችን ሆነ። ባቲን አልፎ ኮምቦልቻ ስለሚያራግፍ ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሊወስደን ቃል ገባ።

ሰኞ ጀመርኩ። ማሽኑ ሲነሳ ድራይቨሩ ካርዱን ያገኘዋል፤ የካርዱ መለያ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። እሰይ ብዬ እጄን አፋተግኩ። ከዚያ ከቢሮው ወደ መጋዘኑ ፒንግ ላክሁ። ፒንግ ማለት "አለህ?" ብሎ መጠየቅ ነው፤ ያኛው ማሽን "አለሁ" ብሎ ይመልሳል፣ ሌላ ቁም ነገር የለውም። መልስ የለም። ደገምኩ፣ ሠለስኩ፣ መልስ የለም። ከመጋዘን ወደ ቢሮ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ካርዱ ስሙን ይናገርና ድዳ ይሆናል።

ማክሰኞ አድራሻውን ለወጥኩ። ረቡዕ ገመዱን ጠረጠርኩና ስልከኛውን ጣሪያ ላይ ሰድጄ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስፈተሽኩት። የየካቲት ነፋስ ጣሪያው ላይ ቆርቆሮ ይገለብጣል፤ ዓይኑ አሸዋ ሞልቶ፣ ከንፈሩ ደርቆ ወረደ። "ገመዱ ደህና ነው" አለኝ። "ታዲያ እኔ ነኝ ደህና ያልሆንኩት?" ብዬ ጮህኩበት። እሱ ሲቆጣ ዝም ነው የሚለው፣ እኔ ደግሞ ዝም ሲሉኝ ይብስብኛል። ሐሙስ ዕለት የከርነሉን ግጥሚያ ለስንተኛ ጊዜ እንደጀመርኩ ራሴም አላውቅም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ።

ከሁሉ የከፋው ለሙሽራዋ ቃል መላክ አለመቻሉ ነው። የባቲ መስመር ከሰኞ ጀምሮ ተቋርጧል። ለሰው ሁሉ ስልክ የሚጠግን ሰው ለራሱ እጮኛ "እየመጣሁ ነው" ማለት አቃተው። በየሰዓቱ መነጋገሪያውን እያነሳ ያዳምጣል፣ ይዘጋዋል። አንጀቴን ይበላኝ ነበር፤ ግን ማዘኔን መናገር ስለማልችል ያንኑም በቁጣ ነበር የምወጣው።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ሰው ሁሉ ለምሳና ለዕረፍት ወጥቶ፣ ግቢው ጭር ብሎ፣ እኔና እሱ ማሽኑ ፊት ቆመን ስንጨቃጨቅ ጓድ ኃላፊ ብቅ አሉ። በሩ ኋላ የተሰቀለው የስልከኛው አዲስ ሱፍ ላይ ዓይናቸው አረፈ። እዚያው አሰብ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ዘንድ ያሰፋው ነው፣ የወረቀት ከረጢት ለብሷል።

"ንግግራችሁን በማር ላቋርጠውና፣ ምን ደረሰ?"

"ምንም፣ ጓድ ኃላፊ" አልኩ።

"ልጄ፣ እኔም ልጅ ድሬያለሁ" አሉት ስልከኛውን። "አማች ቢቀርብኝ ምን እንደምሆን አውቃለሁ። ጨክኜብህ አይደለም። ነገ የሚመጡት ሰዎች ግን ስለ ሠርግህ አይጠይቁኝም።" ቀና ብለው ሳያዩን ወጡ።

ስልከኛው ወንበር ላይ ዘፍ አለ። "ሰውየው ሲያቋርጡ እንኳ በማር ነው" አለ። "እኔ የሁሉን ሰው ሳቋርጥ ነው የኖርኩት፣ አንድ ቀን በማር ብዬ አላውቅም።"

"ይሄ ካርድህ የእሳቸውን ጨዋነት ባገኘ!" አልኩት ማሽኑን በእግሬ መታ አድርጌ። "መልእክት ሲደርሰው የማሽኑን አንጎል፣ ሥራህን በማር ላቋርጥና አንድ ነገር መጥቶልሃል፣ ማለት ነበረበት። አንጎሉም የያዘውን ትቶ ይሰማዋል። የእኛው ግን መልእክቱን አፉ ላይ ይዞ ቁጭ!"

"ምን ማለት ነበረበት?"

"ማቋረጥ ነዋ! ኢንተራፕት! ካርዱ ካላቋረጠው ማሽኑ መልእክት መምጣቱን በምን ያውቃል? ሌላ ሥራ ላይ እኮ ነው።"

ስልከኛው ቀስ ብሎ ቀና አለ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ማቋረጡ… የሚፈለግ ነገር ነው?"

"እንዴ! እሱ ከሌለ ምን አለ?"

"ነቅዬዋለሁ" አለኝ።

አልገባኝም። ካቻቪቴውን አንስቶ የማሽኑን ክዳን ፈታ፣ ካርዱን መዝዞ እጄ ላይ አኖረው። ጠርዙ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተሰለፉ ትናንሽ የሽቦ ጥርሶች አሉ፣ ከእያንዳንዱ ጥንድ አጠገብ ቁጥር ተጽፏል፤ ከበላያቸው "ኢንተራፕት" ይላል። ከጥንዶቹ አንዱ ላይ ትንሽ ቆብ መሰካት አለበት፤ ካርዱ አንጎሉን የሚጠራው በዚያች ቁጥር ነው። ቆብ የለም። ሁሉም ጥርስ ራቁቱን ቆሟል።

"ማቋረጫ ይላል" አለ ስልከኛው። "እንግሊዝኛውን አውቀዋለሁ፤ ማቋረጥ ማለት ነው። ሦስት ቁጥር ማቋረጫ ላይ ቆብ ተሰክቶ ሳየው ደነገጥኩ። እዚህ አገር መቋረጥ አንሶን ነው ከውጭ አገር ማቋረጫ የሚልኩልን ብዬ ነቀልኩት። የመጋዘኑንም ነቅዬዋለሁ። መስመሩ እንዳይቋረጥብህ ብዬ እኮ ነው።"

በመድኃኔዓለም! መጀመሪያ አንገቱን ልይዘው ነበር። እጄ ሁሉ ተነሥቶ ነበር። ከዚያ ፊቱን ሳይ አቅም አጣሁ። አምስት ቀን ሙሉ የወቀጥኩት ውሃ ምን እንደነበረ ገባኝና ሳቅ አፈነኝ፤ ሳቄ እሱንም ያዘው። እየሳቀ ግን እንባው ይወርድ ነበር። "በገዛ እጄ አቋረጥኩት፤ በገዛ እጄ!" ይላል። የማን ጥፋት ነው? ዕድሜውን ሁሉ በአንድ ቃል ሲሰደብ የኖረ ሰው ያችን ቃል ባገኘበት ቢነቅላት ምን ይገርማል? እኔ ብሆንም እነቅላት ነበር።

"ቆቦቹስ የት አሉ?"

"ባሕር ገብተዋል። ከጣሪያ ጥራጊ ጋር አብሬ ጣልኳቸው።"

እንደዚያች ዓይነት ቆብ አሰብ ውስጥ ከየት ይመጣል? ስልከኛው ግን ተነሣ። ከስልክ ገመድ ውስጥ ፀጉር የምታህል የመዳብ ክር መዝዞ በፒንሳ ቆረጠ፣ ሦስት ቁጥር ላይ ያሉትን ሁለት ጥርሶች በስምንት ቁጥር ቅርጽ ጠመጠማቸው። የመጋዘኑንም ሮጦ አምጥቶ እንዲሁ አደረገው። ካርዶቹን ሰካን፣ ማሽኑን አስነሳሁ፣ ፒንግ ላክሁ።

ያን ጊዜ ከጎረቤት ክፍል ጩኸት ተሰማ። ጸሐፊያችን ናት። ለነገው ቡድን የሚታይ ጽሑፍ ስላላለቀላት ምሳ ሳትወጣ እየሠራች ነበር፤ የምትጽፍበት መክተቢያ የሚሠራው ከእኔው ማሽን ጋር ተያይዞ ነው።

"ማነው ያቋረጠኝ? እጄ ላይ ደረቀ እኮ!"

ስልከኛው ራሱን ያዘ። እኔ ግን በዚህ ጊዜ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የእሷ መክተቢያም አንጎሉን የሚጠራው በሦስት ቁጥር ነበር። አንድ ስም ተጠርቶ ሁለት ሰው በአንድ ላይ አቤት ሲል ማለት ነው፤ ማን እንደተጠራ ማንም አያውቅም። "ወደ አምስት ቁጥር አዙረው" አልኩት። አምስትን የያዘው አልነበረም። እሱ መዳቡን ፈትቶ አምስት ላይ ሲጠመጥም እኔ ፋይሉ ውስጥ ሦስትን ሰርዤ አምስት ጻፍኩ፤ ከርነሉን እንደገና መግጠም ጀመርኩ። ሥራው በጊዜው ነው የሚያልቀው፤ ብትለምነውም ብትሰድበውም አይፈጥንም። ሁለታችንም ሰደብነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለውን ተረት ያን ቀን በአንድ ጊዜ ለሁለታችንም ተረትንበት።

የመጋዘኑንም ማሽን ሠርተን ስንጨርስ ሰዓቱ ወደ ዘጠኝ ተኩል ሄዷል። ስልከኛው መጋዘን ቆመ፣ እኔ ቢሮ። ፒንግ ላክሁ። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ወጣ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። መስመሮቹ ተራ በተራ ወደ ታች መውረድ ጀመሩ። በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ስጮህ ስልከኛው ከማዶ ሆኖ እጁን ሰማይ ላይ ሰቅሎ ሲዘል አየሁት። በሩ ላይ የተኮለኮሉት ሾፌሮች ምን እንደሆነ ሳያውቁ አጨበጨቡለት።

ጓድ ኃላፊ ተጠርተው መጡ። መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ይነጋገራሉ?"

"ይነጋገራሉ።"

"ምንድን ነው የሚባባሉት?"

"አንዱ አለህ ይላል፣ አንዱ አለሁ ይላል።"

"ከዚህ ሌላ ምን ይፈለጋል" አሉ፤ ድምፃቸው ላላ። ከዚያ ፍርሃታቸው ተመለሰ። "ነገ ለቡድኑ ማን ያሳይልኛል? ሁለታችሁንም እንዴት ልልቀቅ?"

"እኔ አሳያለሁ" አለች ጸሐፊዋ ከበሩ ላይ። "አለህ አለሁ ማስባል ነው የሚያቅተኝ? ሂዱ ከዚህ፣ ሠርጉ ሳይፈርስ!"

ጓድ ኃላፊ የሁለታችንንም ይለፍ እዚያው የማሽኑ ክዳን ላይ አስደግፈው ፈረሙ። ሽበታሙ ሾፌር ሞተር አስነሥቶ እየጠበቀን ነበር።

መንገዱ ቢቀናን ቅዳሜ ማታ ባቲ እንገባ ነበር። ከኤሊዳር አለፍ እንዳልን የመኪናው የኋላ ባሌስትራ ተሰበረ። ቅዳሜን ሙሉ በዚያ ድንጋይ መሐል ቆምን። ሾፌሩና ረዳቱ ከአንድ አላፊ መኪና የተዋሱትን ሲገጥሙ ስልከኛው ከሥር ገብቶ ያቀብላል፣ ያጠብቃል። ክንዱ እስከ ትከሻው ግራሶ ሆነ። እኔ ጥላ ፍለጋ መኪናውን እየዞርኩ ሰማዩንም ባሌስትራውንም እራገማለሁ። እሱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገረው። "አሁን ድንኳን እየተከሉ ይሆናል" አለ።

እሑድ ጠዋት ሚሌ ስንደርስ ስልክ ሞከረ። የባቲ መስመር አሁንም ተቋርጧል። እዚያው ከጀሪካን ውሃ አፍስሼለት ታጠበ፣ ሱፉን ለበሰ። ግራሶው ከጥፍሩ ሥር አልለቀቀም። ሾፌሩ ካምቢዮውን እየነቀነቀ ያንን ጭነት ባቲ ዳገት ላይ ሲያስወጣው "ያ ረብ፣ ያ ረብ" ይል ነበር፤ እኔም በሆዴ የማውቀውን ታቦት ሁሉ እጠራ ነበር።

ባቲ የገባነው ፀሐይ ዘንበል ካለች በኋላ ነው። ከመኪናው ወርደን በእግር ወደ ሙሽራዋ ቤት ሮጥን። አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። በእኛ አገር ሠርግ ሙሽራው ሲመጣ የሙሽራዋ ጓደኞች በሩን ዘግተው አናስገባም ብለው ይዘፍናሉ። ሚዜዎቹ ይለምናሉ፣ ይጋፋሉ፣ ይሟገታሉ፣ በመጨረሻ ይገባሉ። መንገድ ላይ ስንመጣ ምን ብዬ እንደምለምን ሳሰላስል ነበር።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የሚከለክል አንድ ሰው የለም። ግቢው ውስጥ ሁለት ሰዎች የድንኳኑን ገመድ እየፈቱ ነው። ከደሴ የመጡት የወንድ ወገኖች ሳይመሽብን ብለው ተመልሰዋል። አባትየው ባዶ አግዳሚ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ዓይናቸው አረፈብን፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "እንዴት ዋላችሁ" አልኩ። ሰዎቹ ገመዱን መፍታታቸውን ቀጠሉ።

"ግባ" አልኩት ስልከኛውን።

"ክፍት በር እንዴት ይገባል?" አለኝ። እግሩ ደፉ ላይ ቀርቷል። እውነቱን ነው፤ የማይፈለግ ሙሽራ ብቻ ነው እንዲህ ዓይነት በር የሚያገኘው። ሰው ክፍት በር ፊት እንደዚያ ሲቆም አይቼ አላውቅም።

ያን ጊዜ ሙሽራዋ ከቤት ወጣች። ቬሏን እንዳደረገች፣ ኩሏ ጉንጯ ላይ ወርዶ፣ እግሯ ላይ ነጠላ ጫማ ነው። ልብሱን አውልቂው ሲሏት እምቢ ብላ እንደዋለች በኋላ ነው የሰማነው። ሙሽራ በሠርጓ ቀን ብቻዋን ከቤት አትወጣም፤ ገመድ የሚፈቱት ሰዎች እጃቸው እንዳለ ቀረ። ግቢውን አቋርጣ መጣች። እፊቱ ቆመች። ሱፉን አየች፣ ጥፍሩን አየች፣ ፊቱን አየች። በሩን በሁለት እጇ ይዛ ፊታችን ላይ ዘጋችው፤ መወርወሪያው ሲገባ ሰማሁ።

አለቀ አልኩ። ስልከኛውን ለማየት ድፍረት አጣሁ።

ከበሩ ጀርባ ድምፅ ተሰማ። ጎርናና፣ ሲያለቅስ የዋለ፣ ብቻውን የሆነ ድምፅ። አናስገባም እያለች ትዘፍናለች። ሙሽራዋ! በሠርጓ ቀን አፏን መክፈት የማይገባት ሙሽራ፣ ጓደኞቿ ተበትነው ቢያልቁባት፣ በሩን ራሷ ዘግታ፣ ራሷ ልትከለክለን ቆመች። የመጀመሪያውን ስንኝ ብቻዋን ጨረሰችው፣ ሁለተኛውን ጀመረች። ከጎረቤት ግቢ አንዲት ልጃገረድ ተቀበለቻት፣ የሚሮጡ እግሮች ተሰሙ፣ ከዚያ ሌላ ድምፅ፣ ከዚያ ብዙ፣ ከዚያ ከበሮ። ከውስጥ የአባትየው ጩኸት ከሁሉ በላይ ወጣ። "ድንኳኑን ተዉት! ማነው ፍቱ ያላችሁ? ተዉት አልኩ!"

ስልከኛው ግንባሩን ቆርቆሮው በር ላይ አስደግፎ ያለቅስ ነበር።

"ለምናቸው እንጂ" አለኝ፣ "ሚዜ አይደለህም እንዴ?"

እኔ ሰው ለምኜ የማላውቅ፣ ከመለመን መሰዳደብ የሚቀለኝ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን በተዘጋው በር ፊት ቆሜ፣ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ለመንኩ።